እሽኮኮ ላይ የተሰጠ ግንዛቤ

ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ በሚተኛበት በአንድ ሜዳማ አገር ከአንዲት ጉብታ በቀር ከፍ የሚል መሬት አልነበረም። እሷንም የአደጋ መከላከል ቢሮው ግቢዬ ናት ብሎ በቆርቆሮ አጠራት።

ሐምሌ ላይ ጎርፉ መንደሩን አጥለቀለቀው። የቢሮው ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ለሕዝቡ ግንዛቤ ላስጨብጥ ብለው ሲመጡ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። በአገሩ ወግ ለእንግዳ ትከሻ አይነፈግምና፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጣራ ላይ ትቶ የመጣ አንድ ምላሰኛ ገበሬ እሽኮኮ አድርጓቸው ውሃው ውስጥ ገባ።

ኃላፊው ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ከላይ ሆነው ወቀሳውን ያወርዱበት ጀመር።

«እናንተ ሰዎች ምን ይሻላችኋል? ጎርፍ ሳይመጣ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ ተብላችሁ አልነበረም? ምን አስቀመጣችሁ?»

ገበሬው ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው ቆምክ?» አሉ ኃላፊው፣ ፀጉሩን ጨምድደው ይዘው።

«ልወጣ አስቤ ነው፣ ጌታዬ» አለ ገበሬው። «ግን በዚህ አገር ከፍ ያለ ቦታ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን አጥረውታል፣ አንዱ ላይ ተቀምጠዋል። የትኛውን ቀድመው ይለቁልኛል?»