ያልተሸኘችው አየር

«እማዬ፣ መኪናዋ ካልዳነች መኪናው እኔ ነኝ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው አንድ ውርንጭላ ነው፤ የጠየቀውም እናቱን ዳለቻን። ስሙ እንግዲህ፣ ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡ። ነገሩ የሆነው ብረት አፍ በነበረው፣ ሰውም ለሚናገር ሁሉ ጆሮ በነበረው ዘመን ነው። ያላመነ ዝም ብሎ ያድምጥ፤ ያመነም ዝም ብሎ ያድምጥ።

ዳለቻ አህያ ናት። ጸጉሯ አመድማ፣ ጆሮዋ ረጅም፣ ትምህርቷም ከወፍጮ ቤት እስከ ገበያ ያለውን መንገድ ያህል ነው። ትከሻዋ ላይ መስቀል የሚመስል ጥቁር መስመር አለ። ጌታን ተሸክማ ኢየሩሳሌም ከገባችው አህያ ዘር ነኝ ብላ ስለምታምን ሸክም አታማርርም። ሲጭኗት ተመስገን ትላለች፤ ሲያራግፉላትም ተመስገን ትላለች፤ ሁለተኛዋ ተመስገን ግን ትንሽ ትረዝማለች።

ጌታዋ አቶ አሻግሬ እህል አመላላሽ ናቸው። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለቻቸው። ፒክአፗ ስትሠራ ዳለቻ ታርፋለች፤ ፒክአፗ ስትቆም ዳለቻ ትሠራለች። ሰሞኑን ቆማለች። የካምቢዮዋ ቤት፣ ማለትም ጥርሶቹን ከነዘይታቸው አቅፎ የሚይዘው የአሉሚኒየም ሽፋን፣ ተሰንጥቆ ዘይቱ ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኩንታሉ ደግሞ ለአንዲት አህያ በዛ። ስለዚህ አቶ አሻግሬ ውርንጭላውን አየት አየት ማድረግ ጀመሩ። የጀርባውን ስፋት በስንዝራቸው ለኩ። እስከ ሐሙስ ገበያ መኪናዋ ካልተነሳች ይሄም ይሞከራል፣ ጌታም በውርንጭላ ተቀምጧል አሉ።

ዳለቻ በልቧ፣ ጌታማ ቀላል ነበር፤ የእርስዎ ጤፍ ነው የከበደው አለች። ልጇ ገና ጡት አልተወም። አጥንቱ ለጋ ነው፤ አንዴ ከጎበጠ እንደጎበጠ ይቀራል። እንዲያ ሲጠይቃት «አንተ መኪና አትሆንም» አለችው። እንዴት እንደማይሆን ግን አታውቅም ነበር።

ከገበያው ጀርባ አሉሚኒየም አቅልጠው የመኪና ዕቃ የሚያወጡ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ዕለት አቶ አሻግሬ እጀታው የወለቀ ድስት፣ የተበላ ፒስተንና የተጣመመ የመስኮት ፍሬም ዳለቻ ላይ ጭነው አዲስ የካምቢዮ ቤት ሊያስወጡ ወደ እሳቸው ሄዱ። ዳለቻን በር ላይ አሰሯት፤ ውርንጭላውም ከኋላዋ ቆመ።

እሜቴ ምድጃ አፏን ከፍታ ሁሉንም ዋጠች። ፒስተኑ እኔ ሞተር ውስጥ የኖርኩ ነኝ እያለ ሲኮራ፣ ድስቷ እኔ ስንት የሰርግ ወጥ አውጥቻለሁ እያለች ስትመልስ፣ ክርክራቸው ሳያልቅ ቀልጠው አንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ስማቸው አሉሚኒየም ብቻ ሆነ።

ከምድጃዋ አጠገብ ሁለት መንትያ የብረት ቅርጾች ፊት ለፊት ቆመዋል። ሲገጥሙ በመካከላቸው ልክ የካምቢዮ ቤት የሚያህል ባዶ ይቀራል። ጋሽ እንድሪስ ቅርጾቹን አጋጠሙና ጥርቅም አድርገው ቆለፉ። የቀለጠውን በረጅም ጭልፋ ቀድተው ወደ ቅርጾቹ በሚያስገባው ቱቦ ውስጥ ጨመሩ። ገፊ የሚሉት ወፍራም ዘንግ ደግሞ ከኋላ መጥቶ፣ ዓይን ሳይርገበገብ፣ አሉሚኒየምን ወደ ቅርጾቹ ሆድ ወረወረው። በቅርጾቹ ጎን ቀዝቃዛ ውሃ አለፈ። ተከፈቱ። ዕቃው እንደ አዲስ ብር እያበራ ወጣ።

ሁሉም እሰይ አለ። ጋሽ እንድሪስ ግን የዕቃውን ትልልቅ ቀዳዳዎች በጎማ ደፈኑ፣ ዕቃውን ውሃ ውስጥ ነከሩ፣ በፓምፕ አየር ነፉበት። ቡል፣ ቡል፣ ቡል አለ። ሰውነቱ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ነበረው። ዘይት አይቋጥርም ብለው ወደ ምድጃዋ መለሱት።

ያን ጊዜ ጠብ ሆነ። ምድጃዋ ያቀለጥኩት ጥሩ ነበር አለች። አሉሚኒየም የገፋኝ ሰነፍ ነው አለ። ገፊው ደግሞ ችግሩ እኔን ማባበላችሁ ነው፣ ጉልበት ጨምሩልኝና እዩኝ ብሎ ፎከረ።

ሰኞ ዕለት ጉልበት ጨመሩለት። ዳለቻም ሌላ ቁርጥራጭ ተጭና መጣች፤ ልጇም ተከተላት። ገፊው እንዳለውም ገፋ፤ መንትዮቹ ከንፈራቸው ተላቅቆ አሉሚኒየም እንደ ወረቀት ሳስቶ በጠርዛቸው ወጣ። ዕቃው ውሃ ውስጥ ሲነከር ቡል ቡል ቡል ቡል፣ እንደ ጠላ ጋን ፈላ። ብሶበታል።

ጋሽ እንድሪስ ዕቃውን በሩ ላይ ወርውረው በተደፋ በርሜል ላይ ተቀመጡ። ረቡዕ አንዴ እሞክራለሁ፣ ካልሆነ ቅርጹን እንደ አዲስ ማሠራቴ ነው፣ እሱም ወራት ይፈጃል አሉ። አቶ አሻግሬ እንግዲያ ለውርንጭላው ትንሽ ኮርቻ ተውሼ ልምጣ ብለው ወደ ኮርቻ ሠሪው ሄዱ።

ዳለቻ ኮርቻ የሚለውን ቃል ስትሰማ ጆሮዋ ወደቀ። ወደ መሬት ባዘነበለው ጆሮዋ ግን ሌላ ድምፅ ሰማች። ቀጭን ድምፅ ነው። የመጣው ከተጣለው ዕቃ ውስጥ ነው።

«አንቺ ማን ነሽ?» አለች።

«የቤቱ ባለቤት» አለች አየር። «ቅርጾቹ ሲገጥሙ ውስጡ የነበርኩት እኔ ነኝ። እነሱ ባዶ ነው ይሉታል። በሩን ዘጉ፣ እሳት ላኩብኝ፣ በዘንግ ገፉብኝ። በየት ልውጣ? የመጣው አሉሚኒየም ጉያ ውስጥ ተሸሸግሁ።»

«ጉልበት ሲጨምሩስ?»

«መቶ ሆኜ ተሸሸግሁ።»

ዳለቻ አሰበች። ስለ ብረት አታውቅም። ስለ ሽኝት ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰው ደህና ሁኑ ብሎ ሦስት ጊዜ ተሰናብቶ አራተኛ ወሬ ሲጀምር፣ ከአጥር ማዶ ከነጭነቷ ቆማ ስትጠብቅ የኖረች ናት። በአገሯ እንግዳ በሩ ላይ አይለቀቅም። ባለቤቱ ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ከአጥሩ ማዶ አድርሶት ነው የሚመለሰው።

«ጋሽ እንድሪስ» አለች። ቀና አሉ። «የሚገባውን በደንብ አስገብተዋል። ቀድማ የነበረችውን ማን ሸኛት?»

ጋሽ እንድሪስ ጢማቸውን አሹት። የአየርን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ከበርሜሉ ተነሱና ሞረዳቸውን ፈለጉ። «ብቻ» አሉ፣ «ይህን ያልሽኝ አንቺ መሆንሽን ለሰው አትንገሪብኝ። ሠላሳ ዓመት ብረት አቅልጬ ነው።»

መንትዮቹ ቅርጾች አኮረፉ። ይህን የመሰለ ፊታችን ሊጫር ነው አሉ። ጋሽ እንድሪስ ግን የተላቀቀ ከንፈራቸውን እያስተካከሉ ጫሯቸው። በጠርዛቸው ላይ ባቄላ የምታክል ግቢ ቆፈሩ፤ ከግቢዋ ወደ ውጭ ደግሞ እንደ ጸጉር የቀጠነ መንገድ አወጡ። አየር ታልፍበታለች፤ አሉሚኒየም አያልፍበትም። ገፊውንም መከሩት። መጀመሪያ ቀስ በል፣ እሷ ደጅ ስትደርስ ያኔ ጉልበትህን አሳይ አሉት። እሱም እያጉረመረመ እሺ አለ።

አንድ ነገር ቀረ። አየር በሩ ላይ ብቻዋን ከለቀቋት ትመለሳለች። አብሯት እስከ ግቢዋ የሚወጣ ያስፈልጋል፤ አብሯት የሚወጣው ደግሞ እዚያው ተቆርጦ ይቀራል፣ መኪና ላይ አይወጣም። አሉሚኒየም በምድጃዋ ውስጥ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አለ። ሁሉም መኪና ላይ መውጣት ይፈልጋል። ቆይቶ ከመካከላቸው አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ከቀለጡ ወዲህ ማን ምን እንደነበረ አይለይም እንጂ የድስቷ ይመስላል።

«እኔ እሸኛታለሁ» አለ። «ብቆረጥም መመለሻዬ ምድጃ ነው። ሰርግ ቤት የኖረ እንግዳ መሸኘት አይከብደውም።»

ረቡዕ ሆነ። ትንሿ ኮርቻ አቶ አሻግሬ ብብት ውስጥ ነበረች። ቅርጾቹ ተጋጠሙ። ገፊው ቀስ ብሎ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፤ አየርም እየተገፋች ሳይሆን እየተሸኘች ከክፍል ወደ ክፍል ወጣች። ደጁ ላይ ስትደርስ ገፊው ያለ የሌለ ጉልበቱን ጣለ። አሉሚኒየም ማዕዘኑን ሁሉ ሞላ፤ ሸኚው እስከ ግቢዋ አደረሳት፤ አየር እንደ ጸጉር በቀጠነው መንገድ ሽው ብላ ወጣች። ሰማዩ ለእሷ የሚበቃ ሰፊ ነው።

ዕቃው ሲወጣ ጠርዙ ላይ ሸኚው ያለባት ባቄላ የምታክል ቁራጭ ተንጠልጥላበት ነበር። ጋሽ እንድሪስ ቀነጠሷትና ወደ ምድጃዋ ጣሏት። ዕቃውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። ፓምፑን ነፉ። ውሃው ጸጥ አለ። ደግመው ነፉ። ጸጥ።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የማይናገረው?» አለ ውርንጭላው።

«ጤነኛ ስለሆነ ነው» አለች ዳለቻ።

አንድ መካኒክ ከሰዓት በኋላ ገጠመው፤ ፒክአፗም አስነጠሳትና ተነሳች። አቶ አሻግሬ ኮርቻዋን ለባለቤቷ መለሱ። ጋሽ እንድሪስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሊማር የመጣውን ሁሉ፣ የሚገባውን ስትቀበል የሚወጣውን ሸኝ ይሉታል። ነገሩን ከማን እንደተማሩት ሲጠይቋቸው ግን ያስላቸዋል።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ፒክአፗ ኩንታሉን ሁሉ ጭና ዳገቱን ወጣች። ዳለቻ አቧራው እስኪጠፋ አየቻት። ከዚያ ልጇን አስከትላ ወደ አመድ መድፊያው ሄደች፣ ባዶ ጀርባዋን ለሞቀው አመድ ሰጠችና አራት እግሯን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ እናትነቷንም ዕድሜዋንም ረስታ፣ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለች።