ደብዳቤው ዝም አልልም አለ

እኔ ልንገራችሁ፣ እናንተ ደግሞ «እሺ» በሉኝ። እሺ የሚለኝ ካጣሁ አኩርፌ እተወዋለሁ፤ ጸባዬን ታውቁታላችሁ።

አንድ አናጢ ነበረ፤ ስሙ ልሳነወርቅ። አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል። ሥራውን አገር እንዲያይለት ብሎ ድረ ገጽ ከፈተ። የድረ ገጹን ስም ሲያስመዘግብ «ተጠሪው ማን ነው?» አሉት፤ የራሱን ስምና የራሱን ኢሜይል ሰጠ። ኋላ ለሥራ ሩቅ አገር ሲሄድ ስልኩን ከነኢሜይሉ ለእናቱ ለእማማ አስካል ተወላቸው። እማማ አስካል ዓይናቸው አያይም። ስለዚህ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጎ ስልኩን አስተካከለውና «እማዬ፣ ስጽፍልሽ ትሰሚኛለሽ» አላቸው።

ልሳነወርቅ እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ወሬው ለሚስቱ ለአትክልት ደረሰ። ዘመዶች ግን «የእማማ ልብ ደካማ ነው፤ መርዶው ይቆይ» አሉ። ቆየ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ መርዶው እንደቆየ ነው።

ደብዳቤው ግን አልቆየም። ጠዋት ስልኩ በዚያ በደረቅ ድምፁ «ክቡር አቶ ልሳነወርቅ! ድረ ገጽዎን ከሁሉ ፊት እናውጣልዎ። መልስዎን እንጠብቃለን» ይላል። ቀትር ላይ «ክቡር አቶ ልሳነወርቅ! የሚያምር አርማ እንሥራልዎ። መልስዎን እንጠብቃለን» ይላል። ማን ለመናቸው? ማንም። እማማ አስካል ግን በሰሙት ቁጥር ነጠላቸውን ያስተካክሉና ቀና ይላሉ።

«ልጄን የሚጠራው ማነው? ለምንስ አቤት አይልም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማማ» ትላለች አትክልት።

«እንግዲያው አቤት ሲል እበላለሁ» ብለው ሳህኑን ይገፉታል። ትናንት ሁለት ጉርሻ፣ ዛሬ አንድ። አትክልት ፈራች። እኚህ ሴትዮ እየጠበቁ በረሃብ ሊሞቱባት ነው። ስልኩን እንዳታጠፋው ከጉያቸው አይለዩትም። የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ደብዳቤው ዝም እንዲልላት።

ከራሷ ስልክ ለደብዳቤው «እባክህ ዝም በል» ብላ ጻፈችለት። በዚያው ቅጽበት መልስ መጣ። «እኔ ማንንም አላውቅም። የአድራሻ ዝርዝር የሚባል አለ፤ እሱ ስም ይሰጠኛል፣ እሄዳለሁ። ዝርዝር ይተወው፣ ዝም እላለሁ።»

ወደ ዝርዝር ጻፈች። ዝርዝር ረጅም ነው፤ ጫፉ አይታይም፤ ግማሹ የሞተ ሰው ስም ነው። «ያለውንና የሌለውን አልለይም» አላት። «እኔ የቀዳሁት ከድረ ገጾች መዝገብ ነው። መዝገብ ይሰርዘው፣ እተወዋለሁ።» ዝርዝር አልተውም አለ፤ ደብዳቤ ዝም አልልም አለ።

መዝገብ ደግሞ «ተጠሪው ራሱ ይምጣ» አለ።

«ሞቷል እኮ!»

«እንግዲያው የሞት ምስክር ወረቀት ይምጣ።» መዝገብ አልሰርዝም አለ፤ ዝርዝር አልተውም አለ፤ ደብዳቤ ዝም አልልም አለ።

ወረቀት ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ማኅተም ሳያርፍበት ተኝቷል። «ዕድር ካልመሰከረ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለ። ወረቀት አልወጣም አለ፤ መዝገብ አልሰርዝም አለ፤ ዝርዝር አልተውም አለ፤ ደብዳቤ ዝም አልልም አለ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ግዛቸው አዘኑላት። «ልጄ፣ ጥሩምባ ያልተነፋለትን ሞት ምን ብዬ ልመስክር? ዕድርተኛው ምን ይለኛል?» ዕድር አልመሰክርም አለ፤ ወረቀት አልወጣም አለ፤ መዝገብ አልሰርዝም አለ፤ ዝርዝር አልተውም አለ፤ ደብዳቤ ዝም አልልም አለ። እሺ በሉኝ እንጂ፣ እኔ ብቻዬን ልድከም?

ጥሩምባ ከዕድሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማንም ሳይነካው አጉረመረመ። «ብጮኽማ እማማ አስካል ይሰማሉ። የልጅ ሞት በጥሩምባ ይሰማል? መርዶ ይቅደመኝ።» ጥሩምባ አልጮኽም አለ፤ ዕድር አልመሰክርም አለ፤ ወረቀት አልወጣም አለ፤ መዝገብ አልሰርዝም አለ፤ ዝርዝር አልተውም አለ፤ ደብዳቤ ዝም አልልም አለ።

መርዶን የት አገኘችው? ቤቷ በር ላይ። ከክረምት ጀምሮ እዚያው ቆሟል፤ ዝናቡ ሁሉ ወርዶበታል። ስትገባ ስትወጣ ታልፈው ኖሯል። «እኔ በእግሬ አልገባም» አላት ቀስ ብሎ። «የምገባው በሰው አፍ ነው።»

የማን አፍ? የእሷ። አትክልት አፏን ልትከፍት ሞከረች፤ አፏ እምቢ አለ። እማማ በድንጋጤ ቢሞቱስ? አፍ አልከፈትም አለ፤ መርዶ አልገባም አለ፤ ጥሩምባ አልጮኽም አለ፤ ዕድር አልመሰክርም አለ፤ ወረቀት አልወጣም አለ፤ መዝገብ አልሰርዝም አለ፤ ዝርዝር አልተውም አለ፤ ደብዳቤ ዝም አልልም አለ። የምትሄድበት ሌላ ደጅ የለም። አትክልት ከእማማ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ስልኩ ከእማማ ጉያ ውስጥ ተናገረ። «ክቡር አቶ ልሳነወርቅ! ለመጨረሻ ጊዜ እናስታውስዎ። ዛሬም መልስ ካልሰጡን እንደሌሉ እንቆጥራለን።»

እማማ አስካል እጃቸውን ዘርግተው የአትክልትን ፊት ዳበሱ። ፊቷ ርሷል።

«አትክልት።»

«አቤት፣ እማማ።»

«አየሽ፣ አንቺ አቤት ትያለሽ። እሱም ስጠራው አቤት ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ስንት ጊዜ ተጠራ? ቆጥሬ ቆጥሬ ደከመኝ። እስኪ አንቺው ንገሪኝ፤ ከዚህ ከማላውቀው ድምፅ አልስማው።»

«እማማ... ልሳነወርቅ የለም።»

አፍ ተከፈተ፤ መርዶ ገባ። እማማ አስካል አልሞቱም። ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ፣ እሷም አብራ ጮኸች፣ ያ ሁሉ ወር የታፈነው ለቅሶ ወጣ። በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባ ጮኸ፤ ዕድር መሰከረ፤ ወረቀት ወጣ፤ መዝገብ ሰረዘ፤ ዝርዝር ተወ፤ ደብዳቤ ዝም አለ። ለቅሶ ደራሹ ሲሸኝ እማማ አስካል ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና በሉ።

ግን መዝገብ ባዶ ቦታ አይወድም። ሲሰርዝ «ተጠሪው ማን ይሁን?» ብሎ ጠይቋት ነበር። አትክልትም የባሏ ሥራ ከነስሙ እንዳይጠፋ ብላ የራሷን ስም ሰጥታለች፤ ኢሜይሉ ያው የድሮው ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ፣ ስልኩ ተናገረ። ያው ደረቅ ድምፅ ነው።

«ክብርት ወይዘሮ አትክልት!»

አትክልት ስሟን ስትሰማ ልማድ ሆኖባት አፏን ከፈተች። እማማ አስካል ግን ከተቀመጡበት ዘለው በመዳፋቸው አፏን ከደኑት። እነዚያ ደካማ እጆች ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጡ እኔ አላውቅም።

«አቤት እንዳትይ» አሏት። «ልጄን ሲጠራ የኖረው ድምፅ ነው፤ አንቺን ደግሞ አልሰጥም።»

የኔ እዚህ ላይ አበቃ። እሺ ስላላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ በኋላ ስማችሁ ሲጠራ ብትሰሙ ግን የጠራኋችሁ እኔ አይደለሁም።