ሰው ሲሰበሰብ የሚጠፋው ኮምፒውተር

አንድ ሰው ጌም ቤት ነበረው። ስሙ አስቻለው ነው። ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ጉልበተኛ ነበር፤ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ የሚመጣው እሱን ብሎ ነው። ቤቱን የሚጠብቀው ምንተስኖት የሚባል ተቀጣሪ ነው። ጓዳው ውስጥ ያድራል፤ ሌላ ማደሪያ የለውም።

ያ ኮምፒውተር አመል አወጣ። ጨዋታው ሲጋጋል ድርግም ብሎ ይጠፋል። አስቻለው ጠጋኝ ጠራ። ጠጋኙ ጨዋታውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው፤ ጠፋ። የመብራት ገመዱን ቀየረ፤ ጠፋ። ሱቁ ወስዶ ቀኑን ሙሉ ሲያሠራው ዋለ፤ ምንም አልሆነም። እኔ ጋ ጤነኛ ነው ብሎ መለሰው። ቤት ገባ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ጠፋ።

ባዶ ቤት አይጠፋም። ሰው ሲበዛ ይጠፋል። ይህን ያየ ሁሉ የመሰለውን ተናገረ። አስቻለው ምንተስኖትን ጠረጠረ፤ ማዶ ካለው ጌም ቤት ጋር ተመሳጥሮ ይሆናል አለ። የአስቻለው አማት እትዬ ወርቅያንጥፉ ግን የሰው ዓይን ነው የበላው አሉ።

እትዬ ወርቅያንጥፉ እዚያው ግቢ ነው የሚኖሩት። በሳቸው ቤት ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም የዳንቴል ልብስ አለው፤ እንግዳ ሲመጣ ደህናው ይወጣል። ለኮምፒውተሩም ገና አመል ሳያወጣ ሠርተውለት ነበር። ዓይን እንዳያልፍበት ከውስጥ ወፍራም ገበር ሰፉበት። ሰው ሲሰበሰብ መጥተው የኮምፒውተሩን ሳጥን ያለብሱታል። በጠፋ ቁጥር ሌላ ድርብ ይጨምሩለታል።

አንድ ቀን ምንተስኖት እጁን ከዳንቴሉ ልብስ ሥር ሰደደ። ሳጥኑ ይፋጃል። ውስጡ ያለው ማራገቢያ አየር አጥቶ ያቃስታል። ነገሩ ገባው። ልብሱን ገፈፈው፤ ሰው ሞልቶ እያለ ጨዋታው ሳይጠፋ ቆየ። ኋላ እትዬ ወርቅያንጥፉ ገቡና ማን አራቆተው ብለው መልሰው አለበሱት። እሱ ዝም አለ። የአሠሪው አማት ናቸው፤ ዓይናቸውን አድክመው የሠሩት ነው። ምን ብሎ ይንገራቸው?

ከዚያ ወዲያ እሳቸው ዞር ሲሉ ይገልጠዋል፤ ድምፃቸውን ሲሰማ ያለብሰዋል። አስቻለው ይህን መርመስመስ ከበሩ ላይ ሆኖ አየው።

«ከሳጥኑ ኋላ ምን ትነካካለህ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

ምንተስኖት ራሱን በራሱ ያሠረው እዚህ ላይ ነው፤ የአስቻለው ጥርጣሬ ጸና።

የማዶ ሰፈር ወጣቶች ለግጥሚያ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። አስቻለው ምንተስኖትን ሰው ፊት ጠርቶ፣ ዛሬ ከጠፋ ልብስህን ይዘህ ትወጣለህ አለው። ቤቱ ጢም አለ። እንግዶቹ ገና ሳይቀመጡ፣ የዚህ ቤት ኮምፒውተር ባለቤቶቹ ሊሸነፉ ሲሉ ነው አሉ የሚጠፋው እያሉ ይተርቡ ጀመር። እትዬ ወርቅያንጥፉም መጡ። ሳጥኑን አለበሱት፤ አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ጨዋታው ተጀመረ።  ምንተስኖት ከሳጥኑ ጎን ቆሟል። የማራገቢያው ድምፅ እየቀጠነ ሲሄድ ይሰማዋል። እጁን ወደ ዳንቴሉ ዘረጋ። አስቻለው አፍጥጦ ያየዋል። እትዬ ወርቅያንጥፉም ቀና ብለው ፈገግ አሉለት። እጁን ሰበሰበ።

ኮምፒውተሩ ጠፋ።

እንግዶቹ ሳቁ። አስቻለው አልጮኸም። «ውጣ» አለው ብቻ።

ምንተስኖት ጓዳ ገብቶ ዕቃውን ጠቀለለ። እትዬ ወርቅያንጥፉ ተነሥተው፣ ይህም አልበቃውም ሌላ ልደርብለት እያሉ ልብሱን አነሡ። እጃቸው ሳጥኑ ላይ አረፈ። ቶሎ ሰበሰቡት። ከዚያ ደግመው ነኩት። ምንተስኖት በሩ ጋ ደርሶ ነበር፤ ጠሩት።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ይፋጃል። ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«እኔ ነኛ የማጠፋው?»

ምንተስኖት መሬት መሬት አየ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

ወደ አማቻቸው ዞሩ። «አንተስ?»

አስቻለው፣ ጠጋኙ ሳጥኑን ሲመልስ አታፍኑት ብሎኝ ነበር አለ፣ ቀስ ብሎ። እሳቸውን ከመናገር ልጁን መጠርጠር እንደቀለለው ግን አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም።

እትዬ ወርቅያንጥፉ እንደገና ተቀመጡ። 

«ብትነግሩኝ አንድ ቀን ይከፋኝ ነበር፤ ያልፍልኛል። እናንተ ግን አከበርናቸው ብላችሁ፣ ሰው ከማደሪያው ሲባረር ሰበቡ እኔ ሆኜ ቁጭ ብዬ እንዳይ አደረጋችሁኝ። ይህን ምን ላድርገው?»

 ተነሡ፤ ጥቅሉን ከምንተስኖት እጅ ወሰዱና ራሳቸው ጓዳ አስገቡት። አስቻለው መንገድ ለቀቀላቸው። ሳጥኑ ሳይለብስ ጨዋታው እንደገና ተጀመረ አሉ። ማን እንዳሸነፈ አልሰማሁም።

እንግዲህ እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። የምናከብረውን ሰው እውነት እንከለክለዋለን፤ ክልከላውንም አክብሮት እንለዋለን። ውስጡ ግን ፍርሃት አለበት። ያ ዝምታ እንዲሁ አይቀርም፤ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። የሚወድቀውም መሄጃ የሌለው ላይ ነው። የተከበረውም ሰው ቢሆን፣ በስሙ የተሠራውን በደል የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው።

በእናንተ ቤትስ ሁሉም እያወቀው ለአንድ ሰው ብቻ ያልተነገረ ነገር አለ? በዚያ ሰበብ አሁን እየተወቀሰ ያለው ማን ነው?