የመኪናዋ ግምገማ

አቶ አጥናፍሰገድ የሚመሩት መሥሪያ ቤት፣ በዕድሜ ከእሳቸው ብዙም የማታንስ አንዲት ትንሽ መኪና ነበረችው። ዳገት ላይ ትፈላለች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ካልተገፋች አትነሳም። ኃላፊው አርቀው የሚያስቡ ሰው ስለነበሩ ጋራዥ ከመላክ ይልቅ ግምገማ ጠሩባት። መኪና ስለማትናገር በእሷ ፈንታ ሾፌሩ ተገመገመ።

«ለምንድን ነው የምትፈላው?» አሉት በሠራተኛው ሁሉ ፊት።

«ራዲያተሯ ያፈሳል፣ ክቡር ኃላፊ።»

«ይኼ ውጫዊ ምክንያት ነው። የማትነሳውስ?»

«ባትሪዋ ደክሟል። ካንዴላዋም መቀየር አለበት።»

«አሁንም ውጫዊ ምክንያት ትደረድራለህ። ወደ ውስጥህ ተመልከት እንጂ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ግለ ሂስ ታደርጋለህ ወይስ ቁልፉን አስረክበህ ትሰናበታለህ?»

ሾፌሩ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ስለዚህ ብድግ ብሎ፣ መፍላቷም አለመነሳቷም የእሱ ድክመት መሆኑን፣ ከዛሬ ጀምሮም መታረሙን ተናገረ። ተጨበጨበለት። ችግሩ ከሥሩ መፈታቱም ታወጀ።

አቶ አጥናፍሰገድ ይህንን ውጤት ለበላዮቻቸው ሊያበስሩ ወዲያው መኪናዋ ውስጥ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አንዴ አቃሰተችና ዝም አለች።

«ደግሞ ምን ሆነች?» አሉ ኃላፊው። «ባትሪ እንዳትለኝ ብቻ።»

«ኧረ አልልም፣ እሱማ ውጫዊ ምክንያት ነው» አለ ሾፌሩ በትሕትና። «እኔም ጥፋቴን አምኜ ታርሜያለሁ። እንግዲህ መኪናዋ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን፤ ግለ ሂስ ያላደረጉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»