እምቢ ያለችው ኤት

ጠጋ በሉ፤ ተረቴ አጭር ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው።

ሐያት የምትባል የደሴ ልጅ አንዲት ምልክት ብቻ ፈለገች፤ ይህችን፦ @። አንዱ ኤት ይላታል፣ ሌላው ጅራቷን የጠቀለለች ኤ ይላታል፣ የሰፈሩ ልጆች ቀንድ አውጣ ይሏታል። ድሮ ነጋዴ ከዋጋ ፊት ይጽፋት ነበር አሉ። ዛሬ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ በሰውየውና በቤቱ መካከል ትቆማለች፤ ያለ እሷ ደብዳቤ ከደጅ አይወጣም። ሐያት ደግሞ አርባ ምንጭ ነርስነት ለመማር ማመልከቻዋን መላክ አለባት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ዘንድሮ ካመለጣት ዕድሜዋ አይፈቅድላትም።

የሄደችበት ኢንተርኔት ቤት ባለቤት ጋሽ ይመር ያላቸው ኮምፒውተር አንድ ነው። ሐያት ብትጫን ብትጫን 2 ብቻ ይወጣል።

«ኤቷማ ከሁለት ቁጥር ራስ ላይ ናት፤ ሺፍት ካላገዛት አትወጣም» አሏት።

የቀኙ ሺፍት ከተነቀለ ቆይቷል፤ የግራው የደንበኛ ሻይ ጠጥቶ ተጣብቋል። ሌላ መላ ጋሽ ይመር አያውቁም። ሺፍት ኤትን አላወጣም አለ፤ ኤት ደብዳቤውን አልሰድም አለች፤ ሰዓቱ ግን ይሄዳል!

«ይፈታና ይጠረግ!» አለች ሐያት።

«በምን ልፍታው? ካቻቢቴዬን እንድሪስ ራዲዮ ሠሪው ወስዶታል።»

ሮጠች። የእንድሪስ ሱቅ ዝግ ነው። ሱቁ ካቻቢቴውን አልሰጥም አለ፤ ካቻቢቴው ሺፍትን አልፈታም አለ፤ ሺፍት ኤትን አላወጣም አለ፤ ኤት ደብዳቤውን አልሰድም አለች። ሰዓቱ ማንን ይጠብቃል?

እንድሪስን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አገኘችው።

«ቁልፉን ለጎረቤት ትቼ ነው የወጣሁት፤ እንደ ሁልጊዜው» አላት።

ጎረቤቱ በርበሬ ሻጯ ዘምዘም ናት፤ የሐያት የገዛ እናቷ! ሐያት ደስ ብሏት ከነፈች፤ ደርሳም ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት።

«አልሰጥሽም» አለች እናቷ፣ ቁልፉን ጨብጣ። «ወንድምሽም ‹ደርሼ መጣሁ› ብሎ ነው የሄደው። ድምፁን እንኳ ረሳሁት።»

እናት ቁልፉን አልሰጥም አለች፤ ቁልፉ ሱቁን አልከፍትም አለ፤ ሱቁ ካቻቢቴውን አልሰጥም አለ፤ ካቻቢቴው ሺፍትን አልፈታም አለ፤ ሺፍት ኤትን አላወጣም አለ፤ ኤት ደብዳቤውን አልሰድም አለች።

«እማዬ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ እሱን አይደለሁም» አለች። «ዛሬ ካስቀረሽኝ ግን፣ አጠገብሽ ተቀምጬ ዕድሜ ልኬን አኮርፍሻለሁ።»

እናቷ ተቆጥታ ብድግ አለች። «ነይ!»

እናት ቁልፉን ሰጠች፤ ቁልፉ ሱቁን ከፈተ፤ ሱቁ ካቻቢቴውን ሰጠ፤ ካቻቢቴው ሺፍትን ፈታ፤ ጋሽ ይመር በአልኮል ጠረጉት፤ ሐያትም ሺፍትን ያዘች።

«የቷ ናት አንቺን የምትወስድብኝ?» አለች እናቷ።

ሐያት ሁለት ቁጥርን አሳየቻት። እናቷ በበርበሬ የቀላ ጣቷን ዘርግታ ራሷ ተጫነቻት። ሺፍት ኤትን አወጣ፤ ኤት ደብዳቤውን ሰደደች።

«ሄደ?»

«ሄደ፣ እማዬ።»

«እንግዲህ ስትደርሺ ደውዪ» አለቻት፣ ልጅቷ ገና ከወንበሩ ሳትነሳ።