ድምፅዋ የተዘጋባት ባልቴትና ትንሿ ማጉያ

ተረት ልጀምር ነው፤ የደከመው ይጋደም፣ ያልደከመው ጆሮውን ያውሰኝ።

ዕቃም እንስሳም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት በቆላ አገር ይኖሩ ነበር። ያላቸው አንድ የማሽላ ማሳ፣ አንድ ያረጀ ውሻና አንድ ወንጭፍ ብቻ ነው።

ማሽላው እሸት በያዘ ቁጥር ዝንጀሮ ከገደሉ ይወርዳል። እመት ደብሪቱም ማማቸው ላይ ወጥተው ሲጠብቁ ይውላሉ። ጠዋት "ሃይ!"፣ ቀትር ላይ "ሃይ!"፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም "ሃይ!"። ያምናው ማሽላ ተበልቶባቸው ክረምቱን ያሳለፉት በዘመድ ደጅ ነበር። ዘንድሮም እንዲያ እንዳይሆን ሲጮኹ፣ ሲጮኹ፣ ሲጮኹ ከረሙና አንድ ቀን ጉሮሯቸው ተዘጋ። አፋቸውን ቢከፍቱ እንደ ገለባ ኮሽ ከማለት በቀር የሚወጣ ጠፋ።

የዝንጀሮዎቹ አለቃ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

"ባልቴቲቱ አለቀላት። እንግዲህ ማሽላው የኛ ነው" አለ።

የእመት ደብሪቱ የወንድም ልጅ ትርንጎ ከተማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች። መታመማቸውን ሰምታ መጣች፤ ማማው ላይ ኩርምት ብለው ስታያቸው ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ምነው ሳያስጠሩኝ?"

"በየትኛው ድምፄ ልጥራሽ፣ ልጄ?" አሉ በሹክሹክታ።

ትርንጎ ከቦርሳዋ ሦስት ነገር አወጣች። አንደኛው የተቀዳ ድምፅ ይዞ የሚያስታውስ፣ መዳፍ የማይሞላ ቦርድ ነው። ሁለተኛዋ ትንሽ ድምፅ ተቀብላ የምታጎላ፣ ጥፍር የምታህል ማጉያ ናት። ሦስተኛው አፈ ሰፊው ስፒከር ነው። የውሻውን ጩኸት ቀዳችና መጀመሪያ ቦርዱን ከስፒከሩ ጋር በቀጥታ አገናኘችው።

ስፒከሩ እንደ ትንኝ "እዝዝ" አለ።

"ምነው አፍህ ሰፍቶ ድምፅህ ቀጠነ?" አለው ቦርዱ።

"የሰጠኸኝ ይኸው ነዋ! አንተ ማስታወስ እንጂ ጉልበት የለህም" አለው ስፒከሩ።

ማጉያዋ ይህን ሰምታ፣ "እኔን መሃል አስገቡኝ። ከቦርዱ ሹክሹክታ እቀበላለሁ፤ ለስፒከሩ ጩኸት አቀብላለሁ" አለች።

ትርንጎ መሃል አስገባቻት። ስፒከሩ ግን የማይጠግብ ነበርና "ጨምሪ! አሁንም ጨምሪ!" አለ። ትርንጎ ድምፅ የሚጨምረውን የማጉያዋን ብሎን እስከ ጥጉ አዞረችው። ድምፁ ተሰነጣጠቀ፤ ማጉያዋ እንደ ምጣድ ጋለች፤ ቦርዱም ራሱን ስቶ ድርግም አለ።

"ሦስታችንም ከአንድ ባትሪ ነው የምንጠባው። እኔ ስስገበገብ እሱን ረሃብ ጣለው" አለች ማጉያዋ አፍራ።

በሦስተኛው ሙከራ ትርንጎ ለማጉያዋ ለብቻዋ ሌላ ባትሪ ሰጠቻት፤ ድምፁ ከቦርዱ ወደ ማጉያዋ እንዲሻገር የሁለቱን ባትሪዎች ጥቁር ሽቦ አንድ ላይ አሰረች፤ ብሎኑንም ወደ ግማሽ መለሰችው። አሁን "ሃው! ሃው! ሃው!" ሲል ገደሉ አስተጋባ። ጥላ ስር የተጋደመው ያረጀ ውሻ ቀና ብሎ፣ "የኔ ድምፅ ነው? እኔ እንኳ ለመነሳትም ሰልችቶኛል" አለና ተመልሶ ተኛ።

ዝንጀሮዎቹ ሲወርዱ ስፒከሩ ጮኸባቸው። ልጆቻቸውን አዝለው እግሬ አውጪኝ አሉ። እመት ደብሪቱ ስንት ጊዜ ያልቀመሱትን የቀን እንቅልፍ ቀመሱ።

በማግስቱ ዝንጀሮዎቹ እንደገና ወረዱ፤ እንደገና ሸሹ። ሆኖም ሩቅ አልሄዱም። አለቃቸው ከማሳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ጆሮውን አቀና።

"ይህ ውሻ ሦስት ጊዜ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፤ ሦስት ጊዜ ይጮኻል፣ ዝም ይላል" አለ። "ስንቀርበው አይቆጣ፣ ስንሸሸው አይከተል። ምን ዓይነት ውሻ ነው?"

በሦስተኛው ቀን እየተንጎራደደ እስከ ማማው እግር መጣ። ስፒከሩ ጮኸ፤ እሱ አንድ የማሽላ ራስ ቀንጥሶ ፊቱ ተቀምጦ ይቆረጥም ጀመር።

"ኑ ብሉ፣ ልጆቼ! ጩኸት ብቻ ነው፤ ከኋላው ማንም የለም።"

መንጋው ማሳው ውስጥ ፈሰሰ።

እመት ደብሪቱ ከላይ ሆነው ያያሉ። ለማልቀስ እንኳ አቅም አጡ። "ይብሉት በቃ" አሉ በልባቸው፤ "እኔም ልረፍ።"

"እትዬ፣ የነብር ድምፅ ልቅዳላቸው?" አለች ትርንጎ ተጨንቃ።

እመት ደብሪቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱንም ይለምዱታል።"

ማጉያዋ ከሽቦዎቿ መሃል ተናገረች። "እመት፣ እኔ የሰጡኝን ነው የማጎላው። እስካሁን የሰጣችሁኝ የሌለ ውሻ ነው። እርስዎ ግን አሉ። ሹክ ይበሉኝ፤ የቀረውን ለእኔ ይተዉት።"

"ከእኔ ምን ቀርቶ፣ ልጄ?"

"ዓይንዎ።"

ትርንጎ ቦርዱን አንስታ በቦታው ከቦርሳዋ ያወጣችውን ማይክሮፎን አገናኘች። እመት ደብሪቱ ወደ ከንፈራቸው አስጠጉት፤ ያቺኑ የገለባ ድምፅ አወጡ።

"አየሁህ።"

"አየሁህ!" አለ ስፒከሩ፤ ገደሉም ተቀበለው።

አለቃው ማኘኩን አቆመ።

"አንተን ነው፣ ግራ ጆሮህ የተቀደደው። ከማማዬ ስር ተቀምጠህ ማሽላዬን የምትበላው። አየሁህ።"

አለቃው ግራ ጆሮውን ዳሰሰ። ያን ጊዜ እመት ደብሪቱ ማይክሮፎኑን ለትርንጎ ሰጥተው፣ ወንጭፋቸውን አዞሩ። ድንጋዩ ከአለቃው እግር ስር ጧ ብሎ አረፈ።

"ሽሹ! ይሄኛው ያያል!" ብሎ እሱ ቀደመ፤ መንጋው ተከተለ።

ትርንጎ እስከ አጨዳ ከአክስቷ ጋር ሰነበተች። እመት ደብሪቱ ሲነቁ እሳቸው፣ ሲያሸልቡ እሷ ማሳውን እያዩ በማጉያዋ ሹክ ይላሉ። አለቃው ጥቂት ጊዜ ሞከረ፤ ባለፈበት ሁሉ "በጉድባው በኩል ነህ፣ አየሁህ" ሲባል ጊዜ ተስፋ ቆርጦ መንጋውን ወደ ሌላ ሸለቆ ነዳ።

ማሽላው ታጨደ። ጥቂቱን ዝንጀሮ በልቶታል፤ የተረፈው ግን ለክረምቱ በቃ፣ የማንም ደጅ አልተረገጠም። የእመት ደብሪቱ ድካም አልለቀቃቸውም፤ የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ መኸር አይለቅም። ጉሮሯቸውም እንደ ዱሮው አልተከፈተም። ይሁንና ሹክሹክታቸውን ንቆ ማሳቸው የገባ አልነበረም።

ልብ በሉ እንግዲህ፤ ድምፅ የሚያስፈራው ስለጎላ አይደለም፣ ከኋላው የሚያይ ሲኖር ነው።