አደን የማታውቀው ሴት

ፊታውራሪ ወንድይራድ ለጎሽ አደን ሲነሡ፣ ጫካውን የሚመራቸው አዳኝ ሚስቱን አስከትሎ መጣ። ሴትየዋ እንኳን ጠመንጃ የዶሮ ማረጃ ቢላዋ ጨብጣ አታውቅም፤ ባሏ ማታ ማታ የሚያወራላትን ጀብዱ አንድ ቀን በዓይኔ ልየው ብላ ነው። ፊታውራሪ ግን «ሴት አስከትሎ የወጣ አዳኝ አይቀናውም!» እያሉ መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጩ ዋሉ።

ጎሹ ከጥሻው ገንፍሎ ሲወጣ አሽከሮቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። ሴትየዋ አጠገቧ ያገኘችው ዛፍ ላይ ወጣች። ፊታውራሪም ጠመንጃቸውን ወርውረው እዚያው ዛፍ ላይ ተንጠላጠሉና፣ ትከሻዋን ረግጠው ከበላይዋ ሰፈሩ። ባሏ ብቻውን ቆሞ ተኮሰና ጎሹን ጣለው።

አገር ቤት ሲደርሱ ታዲያ «ገዳይ!» እያሉ የፎከሩት ፊታውራሪ ሆኑ። በወጉ ገዳይ አናቱን ቅቤ የሚቀባው ምስክር ሲቆምለት ነው፤ አሽከሮቹ ሸሽተው ስለነበር ያየች እሷ ብቻ ናት። ሽማግሌዎቹ ወደ እሷ ዞር ሲሉ ፊታውራሪ አፏን ሊያስዘጉ ቀደሟት።

«አንቺ! አደን አታውቂ፣ ጠመንጃ አትይዢ፣ ጫካ ድረስ ምን ልትሠሪ መጣሽ? እስቲ ለሕዝቡ ንገሪ!»

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«እርስዎ ለሄዱበት ጉዳይ ነዋ ጌታዬ፤ ባሌ ሲገድል ለማየት። ምስክርነቱን ግን ለእርስዎ ልተውልዎ፤ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ስለነበሩ ከእኔ ይልቅ አጥርተው አይተዋል።»